ዘንባባን በቶርኖ፦ ከወደቀ ግንድ ጎድጓዳ ሳህን ማውጣት

ሸንኮራ አገዳ ቆርጣችሁ ከመምጠጣችሁ በፊት ጫፉን አይታችሁት ታውቃላችሁ? ዳር ዳሩ ጠንካራ ነው፣ ጥርስ ይፈትናል። መሃሉ ለስላሳ ነው፣ ጭማቂውም ያለው እዚያ ነው። በለስላሳው ውስጥ ነጠብጣብ የሚመስሉ ክሮች ተበትነዋል። አኝካችሁ የምትተፉት እነሱን ነው።

ዘንባባም ይኸው ነው። ወፍራምና የማይጣፍጥ ሸንኮራ አገዳ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። ከታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህች ነገር የሚመጣ ስለሆነ፣ ሌላው ቢጠፋባችሁ አገዳዋን አትርሷት።

እኔ የምኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። ጋራዥ ውስጥ አንዲት ትንሽ የእንጨት ቶርኖ፣ ማለትም እንጨቱን እያሽከረከረች በመሮ የምታስቀርጽ ማሽን፣ አለችኝ። እዚህ ከተማ ዘንባባ በነፋስ ይወድቃል፣ በበሽታ ይደርቃል፣ ግቢ ሲሰፋ ይቆረጣል። ግንዱን የሚወስደው ሰው ስለሌለ አብዛኛው ይጣላል። ባህር ዳር ላደገ ሰው ዘንባባ መንገድ ዳር ተጥሎ ማየት ትንሽ ይከብዳል። አንድ ቀን አንዱን ቁራጭ በመኪና ጭኜ ወደ ቤት አመጣሁት።

ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤታችን፣ እትዬ እያልን የምንጠራት፣ ግንዱን አየችና ሳቀች። «ልጄ፣ ዘንባባ ለሆሳዕና በራስ የሚታሰር ነው እንጂ ምን ሊሆንልህ ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሙከራዎቼ ቆሻሻ ገንዳ ገብተዋል።

ለምን እንጨት አይባልም

ዋንዛም ሆነ ጥድ በየዓመቱ ከቅርፊቱ ስር አዲስ ቀለበት እየጨመረ ይወፍራል። ዘንባባ ቀለበት የለውም። እንደ ቀርከሃ፣ እንደ በቆሎ አገዳ ነው። ከግንዱ ብዙውን ጊዜ ቅርንጫፍ ስለማይወጣም ውስጡ ቋጠሮ አታገኙም። ያላችሁ ጥቁር ወይም ቡናማ ጠንካራ ክር፣ በዙሪያው ደግሞ ቀላ ያለ ለስላሳ ሥጋ ነው። ሽቦ ሞልተው የጋገሩት ዳቦ በሉት።

ክሩ ዳር ላይ ይበዛል፣ መሃል ላይ ይሳሳል። ታች ይጠነክራል፣ ወደ ላይ ሲሄድ ይላላል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በደንብ የተጠናውን የኮኮናት ግንድ ብንወስድ፣ የዳሩ ክፍል ሲደርቅ በአንድ ሜትር ኩብ ከ600 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ አንዳንዴ እስከ 900 ይጠጋል። የመሃሉ ከ200 በታች ሊወርድ ይችላል። በአንድ ግንድ ውስጥ ወደ ወይራ የሚጠጋና እንደ ቡሽ የሚቀል ነገር ጎን ለጎን አለ ማለት ነው። መሮአችሁ በአንድ ዙር ሁለቱንም ያገኛቸዋል።

በዚያ ላይ ዘንባባ ሲሊካ አለበት። አሸዋ በሉት። ስለት ይበላል።

ግንዱን መምረጥ

በዕድሜ የገፋ ዛፍ ፈልጉ። ዘንባባ ሲያረጅ የታችኛው ዳር እየጠነከረ ይሄዳል። የኮኮናት ጣውላ የሚሠሩ ሰዎችም ፍሬ መስጠት ያቆሙትን፣ ወደ 60 ዓመት የተጠጉትንና ያለፉትን ይመርጣሉ።

ከግንዱ የምትፈልጉት ከመሬት እስከ ሁለት ሜትር ያለውን ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ለማገዶም አትሸከሙት።

እዚህ ሎስ አንጀለስ ሁለት ዓይነት ይበዛሉ። አንደኛው ቀጭንና በጣም ረጅም የሆነው፣ የሜክሲኮ ፋን ፓልም የሚሉት ነው። ብዙዎቹ በ1930ዎቹ የተተከሉ ናቸው፣ በፖስትካርድ የምታዩት እሱን ነው። ለቶርኖ ግን አይረባም። ሁለቴ ሞክሬ ሁለቴ ጥያለሁ። ሁለተኛው ወፍራሙ የካናሪ ደሴቶች ዘንባባ ነው። የተምር ዘመድ ነው፣ አናቱ ሲከረከም አናናስ ይመስላል። የእሱ የታችኛው ዳር ይሠራል። ከሱቅ የምትገዙ ከሆነ ብላክ ፓልምና ሬድ ፓልም በሚል ስም የሚሸጡት የበለጠ ጠንካራ ናቸው። ሬድ ፓልም የሚሉት ብዙውን ጊዜ ኮኮናት ነው። ብላክ ፓልም ቦራሰስ የሚባለው ወገን ነው። የቦራሰስ ዘመድ በእኛም አገር ጋምቤላ በኩል አለ። ቆሞ ያለ ዛፍ ለሳህን ብላችሁ እንዳትቆርጡ ብቻ። የወደቀው ይበቃል።

ግንዱን ከመውሰዳችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ለምን ተቆረጠ? በካሊፎርኒያ የካናሪውን ዘንባባ የሚገድል ፉሳሪየም ዊልት የሚባል የፈንገስ በሽታ አለ። ከዛፍ ወደ ዛፍ ከሚተላለፍባቸው መንገዶች ዋናው መጋዝ ነው። ከታመመ ዛፍ የመጣ ከሆነ ሰጋቱራውን ሌላ ዘንባባ ስር አትበትኑ። የነካውን መጋዝ በበረኪና አጥባችሁ በውሃ አለቅልቁና አድርቁት፣ አለዚያ ይዝጋል።

ጥፍራችሁን ዳሩ ላይ ተጫኑ። ጥፍር የማይገባበት ክፍል የእናንተ ነው። ከዚያ ወደ መሃል እየተጫናችሁ ሂዱና ጥፍር መግባት የጀመረበት ቦታ ላይ በእርሳስ አስምሩ። ካገኘሁት የካናሪ ግንድ ጥሩው ክፍል ከዳር ወደ ውስጥ ከ10 እስከ 12 ሳንቲሜትር ነበር። ሌላው ስፖንጅ ነው።

ምስማርም ፈልጉ። እዚህ ሰው ለበዓል መብራት የሚሰቅለው ዘንባባ ላይ ነው። ግማሽ ምስማር ውስጥ ተቀብሮ መጋዝ የጨረሰብኝ ጊዜ አለ። ማግኔት አሳልፉበት።

ቁራጩን ማውጣት

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ግንዱን እንደ ዳቦ በአግድሙ ቆርጦ ክቡን መቅረጽ ነው። አታድርጉት። መሃሉ የሳህኑ ወለል ይሆንና ወለል የሌለው ሳህን ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

ግንዱን በቁመቱ ሰንጥቁት። ከዳር በኩል ወፍራም ጣውላ አውጡ። ለመጀመሪያ ሳህን 22 ሳንቲሜትር በ22፣ ውፍረቱ 8 የሆነ ቁራጭ በቂ ነው።

አሁን የቅርፊቱ ጎን ወደ ላይ ይሁን ወይስ ወደ ታች? እዚህ ላይ ሰው ይከራከራል። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ የቅርፊቱ ጎን የሳህኑ መቀመጫ ይሁን። ቶርኖው የሚይዘው መቀመጫውን ነው። የሚያዘው ቦታ ደካማ ከሆነ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ከንፈሩ ትንሽ ቢላላ በኋላ በሙጫ ይጠነክራል። ይህን ስታደርጉ ክሮቹ ሳህኑን አቋርጠው ይተኛሉ። ሲያልቅ ሁለቱ ጎኖች ላይ ረጃጅም መስመር፣ ሁለቱ ላይ ደግሞ ነጠብጣብ ይወጣል። የዘንባባ ውበቱ እሱ ነው፤ ድካሙን የሚያስረሳውም እሱ ነው።

የቅርፊቱን ጎን በመጋዝና በመላጊያ አስተካክሉ። ጠፍጣፋ መሆን አለበት፣ ሙጫ ይቀባበታልና። ከዚያ ማዕዘኖቹን ቁረጡ። ባንድሶው የሚባለው የሞተር መጋዝ ያላችሁ ክብ አድርጉት፣ የሌላችሁ ስምንት ማዕዘን ይበቃል።

ማድረቅ

ትኩስ ዘንባባ ውሃ ነው። የመጀመሪያውን ግንድ ስሰነጥቅ የጋራዡ ወለል ረጠበ። ግማሽ ክብደቱን ቢጥል አትደነቁ።

እንደ ሌላ እንጨት ከመሃል ወደ ዳር ተሰንጥቆ አይከፈትም። የእሱ ችግር ሌላ ነው፦ ለስላሳው ሥጋ ይጨማደዳል፣ ክሩ ባለበት ይቀራል፣ ገጹ የቤት ክዳን ቆርቆሮ ይመስላል። ስኳርና ስታርች ስላለውም በሳምንት ውስጥ ሻጋታ ያወጣል። ስለዚህ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ፣ ጥላ ውስጥ፣ ከስሩ ቀጫጭን እንጨት አድርጋችሁ አስቀምጡት። ትንሽ ቬንትሌተር ቢነፍስበት ሻጋታውን ይቀንሳል። ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ በርበሬ አይደለም።

ደረቀ አልደረቀም የሚለውን በግምት አትወስኑ። የኩሽና ሚዛን አውጡ። በየሳምንቱ መዝኑና ክብደቱን ቁራጩ ላይ ጻፉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ ደርቋል። የእኔ 8 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ አምስት ወር ወስዷል። ትዕግስት የሌለው ሰው በእርጥቡ ሊቀርጸው ይሞክራል። እኔም ሞክሬ ነበር። እርጥብ ዘንባባ አይቆረጥም፣ ይነጫል።

ቶርኖው ላይ ማሰር

የሆነብኝን ልንገራችሁ። የመጀመሪያውን ቁራጭ ክብ የብረት ሰሌዳ ላይ በአራት ቪቴ አሰርኩት፣ ያውም በለስላሳው ጎን። ለአምስት ደቂቃ ጥሩ ሄደ። ከዚያ መሮው ትንሽ ነከሰ። ቁራጩ ተነቅሎ የፊት መከላከያዬን መታና ጋራዡ በር ላይ አረፈ። መከላከያው ተሰነጠቀ። ፊቴ ተረፈ። ቶርኖውን አጥፍቼ ሳይ አራቱም ቪቴዎች ሰሌዳው ላይ እንዳሉ ናቸው። በየጥርሳቸው መካከል የተጠመጠመ ክር ብቻ ቀርቷል። ዘንባባ ቪቴ አይዝም። ክሮቹ ይከፈቱና ያሳልፉታል።

መፍትሄው እንዲህ ነው። ከጠንካራ እንጨት 5 ሳንቲሜትር ውፍረት፣ 9 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ድፍን ጉማጅ ቁረጡ። እዚህ ኦክ እጠቀማለሁ፣ አገር ቤት ወይራ ካገኛችሁ ምን ይሻላል። የቅርፊቱ ጎን መሃል ላይ በኢፖክሲ፣ ከሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ በሚጠነክረው ሙጫ፣ አጣብቁት። ዘንባባው መጀመሪያ የሚቀባውን ኢፖክሲ ይጠጣዋል። አንድ ጊዜ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ 20 ደቂቃ ጠብቁ፣ እንደገና ቀቡና አጣብቁ። በሞርሳ ያዙት፣ ግን ሙጫው ሁሉ ተጨምቆ እስኪወጣ አታጥብቁ። 24 ሰዓት ተዉት። ለዚህ ሥራ ሱፐር ግሉ የሚባለውን ቶሎ የሚይዝ ሙጫ አትጠቀሙ፣ በንዝረት ይለቃል።

ከዚያ ጉማጁን በቻክ ያዙት። ቻክ የምለው አራት መንጋጋ ያለውን፣ እንጨቱን ጨምድዶ የሚይዘውን ነው። ከወዲያ በኩል የቶርኖውን ደጋፊ ጫፍ አምጥታችሁ ለስላሳውን ጎን ግፉ። ጫፉ ለስላሳው ውስጥ ሰምጦ እንዳይገባ መሃሉ ላይ ትንሽ የጣውላ ቁራጭ ጣልቃ አስገቡ። በእጃችሁ አንድ ዙር አዙሩት። የሚነካ ነገር ከሌለ ብቻ ሞተሩን አስነሱ።

ከመጀመራችሁ በፊት ስለ ልብስ

ሙሉ ፊት የሚሸፍን መከላከያ አድርጉ፣ መነጽር ብቻ አይበቃም። ከስሩ የአቧራ ማስክ። የዘንባባ አቧራ ደቃቅ ነው፣ ጉሮሮ ይቧጥጣል።

ጓንት አታድርጉ። እጅጌያችሁን ሰብስቡ። ጋራዡ በረደ ብላችሁ ጋቢ ደርባችሁ እንዳትቆሙ። ማተብ ያሰራችሁ ከሸሚዝ ውስጥ ክተቱት። ሃብልም እንደዚሁ። ቶርኖ የያዘውን አይለቅም።

ወረንጦ አጠገባችሁ ይኑር። የዘንባባ ስንጥር እንደ መርፌ ነው፣ ገብቶ ይሰበራል፣ ካልወጣም ያመረቅዛል። ቁራጩን ባወጣችሁ ባስገባችሁ ቁጥር እጃችሁን በክሩ አቅጣጫ እንጂ ተቃራኒውን አታሻሹ።

ፍጥነት

ብዙ የቶርኖ ሰው የሚይዘው ስሌት አለ። የሳህኑን ስፋት በኢንች፣ በደቂቃ ከሚዞረው ዙር ጋር አባዙ። ውጤቱ ከ6,000 እስከ 9,000 ይሁን። በሳንቲሜትር ከሆነ ከ15,000 እስከ 22,500 ገደማ ነው። ለ22 ሳንቲሜትር ሳህን ከ700 እስከ 1,000 ዙር መሆኑ ነው። ለዘንባባ ከታችኛው ጫፍ አትውጡ። ገና ክብ ሳይሆን ደግሞ ከዚያም ቀንሱ፣ እኔ በ500 እጀምራለሁ። የአንዱ ጎን ክብደት ከሌላው ስለማይመሳሰል ቶርኖው ይንቀጠቀጣል። ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጣችሁት ስኒ መንቀሳቀስ ከጀመረ ፈጥናችኋል።

የውጭውን መቅረጽ

መሮውን ሳሉ። አሁን ስላችሁት ከሆነም ሳሉ። ሜፕል በሚባለው የእዚህ አገር እንጨት አንድ ሳህን ስሠራ ሦስት ጊዜ እስላለሁ። በዘንባባ አሥር ጊዜ ግራይንደሩ ጋ እመላለሳለሁ። ግራይንደሩን ከቶርኖው ሩቅ ያስቀመጠ ሰው ስንፍና ይይዘውና በደነዘ መሮ ይቀጥላል። አጠገባችሁ አድርጉት።

ጎድጓዳውን መሮ ተጠቀሙ። የተሳለው ጎን ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ቢሆን ይስማማል። የውጭውን ስትሠሩ ከእግር ወደ ከንፈር፣ ማለትም ከትንሹ ክብ ወደ ትልቁ ሂዱ። እንዲህ ሲሆን ከኋላ ያለው ክር የፊተኛውን ይደግፈዋል። በተቃራኒው ከሄዳችሁ ክሩ ደጋፊ ያጣና ይመነገላል።

ትንሽ ትንሽ ቁረጡ። የእስክሪብቶ መስመር ያህል ውፍረት። ጆሯችሁን ስጡት። መሮው ስል ሲሆን ድምፁ «ሽሽሽ» ነው፣ ጤፍ እንደሚነፋ ወንፊት። ሲደነዝ «ጠጠጠጠ» ማለት ይጀምራል። ያኔ እያንዳንዱን ክር እየመታችሁ እንጂ እየቆረጣችሁ አይደለም። አቁሙና ሳሉ። ፍቅፋቂውንም እዩት። ከሌላ እንጨት እንደ ሪባን ይወጣል። ከዘንባባ የሚወጣው ሰጋቱራና የተቆራረጠ ፀጉር የመሰለ ነገር ነው። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፣ እሱ እንደዚያ ነው።

መፋቂያውን፣ ማለትም ጠፍጣፋውን የእንጨት መፋቂያ ብረት፣ በጠፍጣፋው መግፋት የጀማሪ ስህተት ነው፣ ክሩን ከነሥሩ ይጎትታል። መፋቂያ ከተጠቀማችሁ በ45 ዲግሪ አጋድማችሁ እንደ ምላጭ በስሱ አስኪዱት። ካርባይድ ስለት ያለው መሣሪያ ቶሎ ስለማይደነዝ ለመጀመሪያው ሻካራ ቅርጽ ጥሩ ነው። የመጨረሻውን ገጽ ግን በእሱ አትጨርሱ።

ቅርጹን ቀላል አድርጉት። ሰፊና ዝቅ ያለ። ቀጭን አንገት፣ ሹል ከንፈር፣ ጥልቅ ጉድጓድ ዘንባባ አይወድም።

ሙጫ ማጠጣት

የሥራው ግማሽ ይሄ ነው። የውጭው ቅርጽ ሊያልቅ 3 ሚሊሜትር ሲቀረው አቁሙ። ቶርኖውን አጥፉ። መስኮትና በር ክፈቱ።

ውሃ የመሰለውን ቀጭን ሱፐር ግሉ ገጹ ላይ ጠብ ጠብ አድርጉ። ወፍራሙ ከላይ ይቀራል፣ ውስጥ አይገባም። ነጠብጣቡ የሚታይባቸውን ሁለቱን ጎኖች በተለይ አጠጡ። እዚያ ክሮቹ እንደ ገለባ ጫፋቸው ክፍት ነው፣ ሙጫውን ስበው ያስገቡታል። ሲጠጣ ታዩታላችሁ። ቀለሙ ይጠቁራል፣ ከዚያ ይደርቅና መጠጣት ያቆማል። መጠጣት እስኪያቆም ስጡት። ለ20 ሳንቲሜትር ሳህን ውስጡንና ውጩን ጨምሮ ወደ 60 ግራም ሙጫ ጨርሻለሁ። ርካሽ አይደለም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። የመጀመሪያው ጭሱ ነው። ዓይን ያቃጥላል፣ ስለዚህ ፊታችሁን ከላዩ ላይ አትድፉ። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም፦ ሱፐር ግሉ በጥጥ አትጥረጉ። ጥጥ ሲነካው በድንገት ይግላል፣ ቆዳ ያቃጥላል፣ ይጨሳል። የጥጥ ጓንት፣ የአሮጌ ካናቴራ ቁራጭ፣ ሁሉም አይሆንም። እኔ የፕላስቲክ ከረጢት ጣቴ ላይ አጥልቄ ነው የማሰራጨው።

ገንዘብ ለመቆጠብ ወይም ትልቅ ሳህን ለመሥራት ቀጭን ኢፖክሲ ይሻላል። ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ግን አንድ ቀን ሙሉ መጠበቅ አለባችሁ። የትኛውም ይሁን ሳይደርቅ ቶርኖውን እንዳታስነሱ። ግድግዳውን ሙጫ ትቀቡታላችሁ።

ከደረቀ በኋላ መሮውን ስላችሁ የቀረውን 3 ሚሊሜትር አንሱ። ልዩነቱ ወዲያው ይሰማችኋል። ሌላ እንጨት የተቀየረ ይመስላል።

ውስጡን ማውጣት

ደጋፊውን ጫፍ ከማንሳታችሁ በፊት ቻኩን እንደገና አጥብቁ። መጀመሪያ የሚወጣው ለስላሳው ጎን ነው፣ ይፈጥናል፣ ይደሰቱበታል። እዚህ ላይ ነው ሰው ራሱን የሚረሳው።

በውስጥ በኩል አቅጣጫው ይገለበጣል፦ ከከንፈር ወደ መሃል። በየሁለት ሳንቲሜትሩ እያቆማችሁ ሙጫ አጠጡ። ከንፈሩን ቶሎ ጨርሱት። ጥልቀቱ ከወረደ በኋላ ወደ ከንፈሩ ተመልሳችሁ ለማስተካከል ብትሞክሩ ይርገበገብና ይነክሳል።

ግድግዳውን ከ10 ሚሊሜትር በታች አታሳንሱ። ወለሉ 12 ይሁን። በሜፕል 4 ሚሊሜትር የሠራ ሰው ይሄ ወፍራም ይመስለዋል። ዘንባባ ሲሳሳ ብርሃን በክሮቹ መካከል ያልፋል። አንድ ጊዜ እንደዚያ አድርጌ ቆንጆ ወንፊት ወጣኝ። ውፍረቱን በጣት ግምት አትተዉት፣ በካሊፐር ለኩ።

ብርጭቆ ወረቀት

ክሩ ጠንካራ፣ ሥጋው ለስላሳ ነው አልን። በጣታችሁ ይዛችሁ ብትፈገፍጉ ሥጋው ይበላና ክሩ ቆሞ ይቀራል። ገጹ በዓይን ያማረ፣ በእጅ ሲዳሰስ እንደ ቆርቆሮ የሆነ ይሆናል። ለውጭው ብርጭቆ ወረቀቱን ጠፍጣፋ ቁራጭ እንጨት ላይ ጠቅልሉት። ለውስጡ የጫማ ሶል የመሰለ ጠንከር ያለ ጎማ ከጀርባው አድርጉ።

በቁጥር 120 ጀምሩ፣ ከዚያ 180፣ 240፣ 320። ቶርኖው ዝግ ይበል፣ 300 ዙር ይበቃል። ሲፈጥን ይግላል፣ ሙጫው ይለሰልስና ወረቀቱን ይደፍነዋል። ጉድጓድ ካገኛችሁ ከወረቀቱ ስር የወደቀውን አቧራ ጠቅጥቁበትና አንድ ጠብታ ሙጫ ጨምሩ። ሲደርቅ መልሳችሁ ፈግፍጉ። የሞላችሁት ቦታ አይታይም። ዘንባባ ራሱ ነጠብጣብ ስለሆነ ስህተት ይደብቃል። በዚህ በኩል ደግ ነው።

መቀባትና መቁረጥ

የምግብ ዘይት አትቀቡ። አይደርቅም፣ ውሎ አድሮ ይከረፋል። ሱቅ ለእንጨት ተብሎ የሚሸጠው የተልባ ዘይት ይሆናል፣ ግን ዘንባባ በመጀመሪያው ቀን ብዙ ይጠጣል፣ በማግስቱም ገጹ ዝንጉርጉር ይሆናል። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ ሼላክ የሚባለውን የቫርኒሽ ዓይነት በአልኮል አቅጥኜ ሁለት ጊዜ እቀባለሁ። ከዚያ በቫርኒሽ ሦስት ጊዜ፣ በመካከሉ በ320 ወረቀት በስሱ እያሸሁ። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ። በራሱ ግሎ ይነዳል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

መጨረሻ ላይ ጉማጁን በመቁረጫው አሳስታችሁ፣ 2 ሳንቲሜትር ሲቀር ቶርኖውን አጥፍታችሁ በእጅ መጋዝ ጨርሱ። ወይም እንደ እኔ ስነፉና አትቁረጡት። ጫፉን ትንሽ አሳምሩትና የሳህኑ እግር ይሁን። ጥቁር ዘንባባ ከነጣ የኦክ እግር ጋር ያምራል።

ይህ ሳህን ለወጥ አይሆንም፣ ለሾርባም አይሆንም። ለቆሎ፣ ለፈንዲሻ፣ ለብርቱካን፣ ለመኪና ቁልፍ ነው።

አራተኛውን ሳህን ለእትዬ ሰጠኋት። ስትቀበለኝ አገላብጣ አየችውና «የሆሳዕናው?» አለች። ለቡና ፈንዲሻ ማቅረቢያ አደረገችው። በሁለተኛው ሳምንት ደወለች። «ልጄ፣ ሳህንህ ፀጉር አበቀለ» አለችኝ።

ሄጄ ሳየው እውነቷን ነው። ሳሙና ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ አሳድራዋለች። ከንፈሩ ላይ ቫርኒሹ ሳስቶ ስለነበር ውሃ ገብቶ ክሮቹ ብድግ ብለዋል። እናንተም እንዲህ ካጋጠማችሁ አትጣሉት። ለአንድ ሳምንት ነፋስ ላይ አድርቁት። የቆመውን ክር በቀጭን ሱፐር ግሉ አጠጡትና ሲደርቅ በ240፣ ቀጥሎ በ320 አሹት። ከንፈሩን ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ድገሙት። ለእሷ ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

አሁን ውሃ አታስነካውም። ፈንዲሻው ሲያልቅ በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ መደርደሪያው ላይ ትመልሰዋለች።